ለአራስ የማይነገር

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2013፤ መርሳ

መብራት የለም፤ ስልክ የለም፤ መንገድ የለም። ከተማዋ እጅ ከቀየረች ወዲህ ጡረታ ስወጣ የተመኘሁት ጸጥታ ይኸው መጣልኝ፤ ከመድፉ በስተቀር።

ሥራ ካልያዝኩ የሻረግን ስለማስቸግር (ባለቤቴ ናት፤ «ማስቸገር» የሚለው ቃልም የእሷ ነው) አንድ መጽሐፍ ልተረጉም ተነሣሁ። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ፍየል ስመዝን በነበረ ጊዜ ሊጎበኘን የመጣ አንድ አውስትራሊያዊ ትቶልኝ የሄደ ነው። የሚያወራው ስለ ባለ ኪስ እንስሳት ነው፤ ካንጋሮና ዘመዶቿ ሲጨነቁ ሰውነታቸው ምን እንደሚያደርግ። እዚህ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ካንጋሮ እንደሌለ ለሰውየው በትሕትና ነግሬው ነበር። «ምናልባት አንድ ቀን» አለኝ። ምን አስቦ እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።

መጀመሪያው ገጽ ላይ ተደናቀፍኩ። ከአንጎል ሥር እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለች እጢ አለች። ፈረንጆቹ ረጅም ስም አውጥተውላታል፤ እኔ «ሽምብራዋ» ብያታለሁ፤ በሰው ላይ የምታክለው እሱን ነውና። ጭንቀት ሲመጣ አዋጅ የምታስነግረው እሷ ናት። ከኩላሊት በላይ ለተቀመጡት እጢዎች «ተነሱ» ትላለች። እነሱም የጭንቀቱን ቅመም ደም ውስጥ ይረጫሉ። ቅመሙ ዞሮ ዞሮ ሽምብራዋ ዘንድ ሲደርስ «ሰምተናል፤ በቃሽ» ይላታል፤ ዝም ትላለች። ካንጋሮም ላይ፣ ፍየልም ላይ፣ ሰውም ላይ ሥርዓቱ ያው ነው። ከዚህ የተሻለ አስተዳደር በሕይወቴ አላየሁም።

በግቢያችን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ የምትኖረው ዘሀራ የወለደችው ሐምሌ 14 ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ። ባሏ ሙባረክ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ መንገዱ ከመዘጋቱ ከሦስት ቀን በፊት ወደ ጅቡቲ እንደወጣ ቀረ። አባቷ የውርጌሳው አብዱልሐሊም የሃያ ስድስት ዓመት ወዳጄ ነው። ቤቱን ያከራየኋት በእሱ ምክንያት ነው፤ «ልጄን ላንተ ሰጥቻታለሁ፤ እንደ ፍየሎቹ ስትመዝናት እንዳትውል» ብሎኛል።

እሷን አልመዝናትም። ልጇን ሚስባህን ግን መዝነነዋል። የግልገል ሚዛኔን ከበረንዳው ወራጅ ላይ ሰቅዬ ልጁን በነጠላ ቋጥረን እናንጠለጥለዋለን። ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ጠግቦ ተንጠልጥሎ ሲያዛጋ ከኪሱ አንገቱን ያወጣ የአውስትራሊያ ተወላጅ ይመስላል። ደህና ነን።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 19

ከውርጌሳ በኩል መድፍ፤ ከጠዋት ጀምሮ። ዶክተር ግማሽ ኩባያ ብቻ ሰጠች። (ዶክተር ፍየላችን ናት። ማዕረጉን ያገኘችው እናቷ ምርምር ላይ ስላገለገለች ነው።) ሚስባህ 4.1። መድፉ ሲጮህ ጡቱን አልለቀቀም። ጀግና።

ከሰዓት በኋላ፦ መድፉ ዐረፈ፤ ተረጎምኩ። አይጥ የሚያክል አንድ ባለ ኪስ አለ። በወሲብ ወራት ወንዶቹ መብላት መተኛት ይተዋሉ። ጭንቀቱ ያይላል፤ «በቃሽ» የሚለው ቃል አይሰማም፤ ቅመሙ ይሞላል፤ ሰውነታቸው ይፈርሳል። ወራቱ ሲያልቅ ወንድ የተባለ ሁሉ ሞቶ ያልቃል። አንድም አይተርፍም። ለየሻረግ አነበብኩላት።

«ሴቶቹስ?»

«ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?» አለችና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ሳይንሳዊ ምልከታ፦ የግቢው አዛውንት ወንድ ምሳውን አልጨረሰም። ምክንያቱ ምስሩ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 26

ጀብሪል መጣ። ቅቤ ነጋዴ ነው፤ የውርጌሳ ልጅ። ዋናው መንገድ የጦር ግንባር ስለሆነ በተራራው ዞሮ ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዟል። ዘሀራ ወንዝ ወርዳ ነበር። በሩ ላይ አቆመኝ፤ ግባ ብለው አልገባም አለ።

አብዱልሐሊም ሞቷል። ነሐሴ 18። ጥይት አይደለም፤ ስኳሩ ነው። መርፌው አለቀበት፤ ደሴ የሚሄድ ሰው ጠፋ። ሰባት ሰው ሆነው ቀበሩት። ሊሞት ሁለት ቀን እስኪቀረው ድረስ ፍየሎቹን ራሱ ነበር የሚያሰማራው አለ ጀብሪል።

በማግስቱ፣ ነሐሴ 19፣ እኔ ስለ አይጥ እተረጉም ነበር።

እማማ ፋንቱን አስጠራን። የልምድ አዋላጅ ናቸው፤ ሚስባህን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ በሰፈሩ ቅሬ፣ በእድሩ ማለት ነው፣ ደግሞ ማን እንዲያለቅስ ማን ዝም እንዲል የሚወስኑትም እሳቸው። ሰምተው «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ አይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ወዲያው ቆፍጠን አሉ።

«አይነገራትም። አርባዋ ከወጣ ገና ሁለት ቀኗ ነው። ለኔ ገና አራስ ናት። ለምታጠባ ሴት መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይነጥፋል። በዚህ ቀውጢ ወተቷ ቢነጥፍ ያንን ልጅ በምን ታሳድጉታላችሁ?»

እኔም ከሳይንስ ደገፍኩ። ስለ ሽምብራዋ ገለጽኩላቸው፤ ወተት የሚያሠራውም የሚያወርደውም ትእዛዝ ከእሷ እንደሚወጣ፣ ድንጋጤ ትእዛዙን እንደሚያግደው፣ በዋላቢ ማለትም በካንጋሮ ታናሽ ላይ ሳይቀር ተጠንቶ እንደተጻፈ። በደንብ ተናገርኩ።

«ጋሼ ወንድሙ፣ እማማ ያሉትን እኮ ነው ያሉት» አለኝ ጀብሪል።

«አዎ። እኔ ግን በምክንያት ነው» አልኩት።

ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው እንዳይነገራት ተስማማን። ጀብሪልን ካየችው ስለ አባቷ መጠየቋ አይቀርም፤ እሱ ደግሞ «ፊቴ ይናገራል» አለ። እውነቱን ነው፤ እንደዚያ ያለ ፊት ይዞ ቅቤ መነገዱም ይገርማል። ሳትመለስ ሐራ ወዳለችው እኅቱ ዘንድ ሄደ።

ሚስባህ 4.3።

አብዱልሐሊም ሚዛኔን ይንቀው ነበር። ፍየሏን በአይኑ አይቶ «አሥራ ስምንት ከግማሽ» ይላል። እሰቅላታለሁ፤ አሥራ ስምንት ከስድስት መቶ። «ሚዛንህን አሠራው» ይለኛል።

ስለ ራሴ የሚጻፍ ነገር የለም። ደህና ነኝ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 3

ውሳኔው በሚያስደንቅ ሁኔታ ሥራ ላይ ውሏል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ከዘሀራ በቀር። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ የአብሽ ውሃ፣ ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አንድ እንቁላል ይዛ ትመጣለች። ገበያ ሳይኖር ይሄ ሁሉ ከየት እንደሚገኝ አላህ ይወቅ። እማማ ፋንቱ ለስላሳ ሆነዋል። ድሮ «እንዲህ ነው ልጅ የሚታቀፈው?» እያሉ ይቆጧት ነበር፤ አሁን «እሰይ የኔ ልጅ፣ ጎበዝ» ይሏታል። ሲናገሩት ጥርስ የሚያማቸው ይመስላል።

ዛሬ ጨርቅ ስታሰጣ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ ከውርጌሳ በኩል የመጣ ሰው አለ?»

«የለም፤ መንገዱ ዝግ ነው።»

«ከጅቡቲ መንገድስ?»

«ከዚያም የለም።»

«እሺ» አለች። ያንኑ ጨርቅ ሁለተኛ ጨመቀችው፤ ቀድሞ ተጨምቆ ነበር። ውሸት እንዲህ እንደሚሆንልኝ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 1 ቀን 2014

እንቁጣጣሽ። የሻረግ ዶሮ የለም ብላ ሽሮዋን በበርበሬ አቀላች፤ አይናችንን ጨፍነን ዶሮ ነው ብለን በላን። ዘሀራንም ጠራናት። በላች፤ አመሰገነች፤ ሳቀች። ሳቋ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሚመጣው፤ ቀልዱ ሳያልቅ።

ትርጉሙ ቀንቶኛል። ዋላቢ አንዱን ልጇን በኪሷ እያጠባች ሌላ ጽንስ ማህጸኗ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ «ቆይ» ትለዋለች። የሚጠባው ልጅ ሽምብራዋን ይነካካል፤ ሽምብራዋ ቅመሟን ትልካለች፤ ጽንሱም የስንዴ ቅንጣት ሳያክል ለወራት ይቆያል። አያድግም፤ አይሞትም። ይጠብቃል።

ይህን ክፍል ወደድኩት። መጠበቅ ሥራ ነው የሚል መጽሐፍ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ሚስባህ 4.4። ዕድገቱ ቀዘቀዘ። በዓል ስለሆነ አላሳሰበኝም።

እሑድ፣ መስከረም 9

4.4። አሁንም። ልጁ ጡቱን ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ይጮኻል።

እማማ ፋንቱ አዩአት። «ጡቷ ሙሉ ነው» አሉኝ ውጭ ጠርተው። «ድንጋይ ሆኗል። አልነጠፈም፤ አይወርድም እንጂ።»

ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። መጽሐፉ ሁለቱን ይለያል። ወተት መሥራት ሌላ፣ ማውረድ ሌላ። የሚያወርደው ትእዛዝ ከሽምብራዋ ኋለኛ ክፍል ይወጣል፤ ፍርሃት ያለበት ሰውነት ያንን ይይዘዋል። እንስሳዋ ጠላት ባለበት አታጠባም፤ ብልህነት ነው።

ስለዚህ የጎደላት መረጋጋት ነው ብዬ ደመደምኩ። ግቢውን ሰብስቤ መመሪያ ሰጠሁ፦ በእሷ ፊት ስለ ጦርነት አይወራ፤ ስለ ውርጌሳ አይነሣ፤ ስለ ሞተ ሰው በጭራሽ። ስትመጣ ወሬው ይለወጥ። ሁሉም ፈጸመ። ዛሬ ወደ እኛ ስትመጣ አምስት ሰው በአንድ አፍ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። ስለ ዝናብ እንዲህ በጥልቀት የተወያየንበትን ቀን አላስታውስም። እሷ ጥቂት ቆማ ሰማችንና ልጇን አቅፋ ተመለሰች።

የዶክተርን ወተት አፍልተን፣ አቅጥነን በማንኪያ ሰጠነው። ግማሹን ተፋው።

እሑድ፣ መስከረም 16

4.3።

ዶክተር ነጠፈች። ወራቷ ነው፤ አልቆጣባትም።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ አሉ፤ ሰላምታቸው ሙሉ፣ መደርደሪያቸው ባዶ። «የእናቱን ጡት አታስጥሉት» አሉኝ። ማን ያስጥለዋል።

ወተት ያላት ሌላ የምታጠባ ሴት ፈለግን። በሰፈሩ የነበሩት ሁለቱ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ገጠር ሸሽተዋል።

ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ አበጀሁ። የግቢው አዛውንት ወንድ ቀጥኗል፤ ለጤናው መልካም ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 22

4.1። ሁለቴ መዘንኩት። ሚዛኑን በኪሎ ብረት ፈተንኩት፤ ልክ ነው። አልጮኸም ዛሬ። ተንጠልጥሎ ዝም ብሎ አየኝ። ዝም ያለ ግልገል ምን ማለት እንደሆነ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ከየሻረግ ጋር ተጣላን። ድምፅ ሳናወጣ፤ ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ።

«ንገራት።»

«ወተቷ ይነጥፋል።»

«አሁንስ መቼ ወረደ? ልጁ እያለቀ ነው፣ አንተ ወተቱን ታስቀምጣለህ።»

«መጽሐፉ ላይ ድንጋጤ...»

«መጽሐፍህ ላይ ካንጋሮዋን ማን ነው መርዶ የደበቃት? ስትገባ አምስት ሰው ስለ ዝናብ የሚያወራባት ካንጋሮ አለች?»

 ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አንተ ለእሷ አይደለም የምትፈራው። ከተናገርከው አብዱልሐሊም ይሞትብሃል።»

ይህ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ አስተያየት ነው። ለመረጃ ያህል መዝግቤዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋን ገጽ አወጣሁ፤ በገዛ እጄ የተረጎምኳትን። ሽምብራዋ የምታርፈው ጠላት ስለሌለ አይደለም። «ሰምተናል» ሲባል ነው። ካልተባለ ትጮኻለች፤ ስትጮህ ትኖራለች። ነሐሴ 12 ጽፌዋለሁ። በጥሩ እጅ ጽሕፈት።

እማማ ፋንቱ ዘንድ ሄድኩ። «እንናገር» አልኳቸው። 

«ልጁ አንድ ነገር ቢሆን በማን ራስ ነው ጋሼ ወንድሙ?»

«በእኔ።»

«እንግዲያው በደንቡ ይሁን። ጎህ ሲቀድ፤ ጀብሪልም ይኑር። ያየ ሰው ነው የሚናገረው።»

ሐራ ሰው ላክን።

ማክሰኞ፣ መስከረም 25

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጎህ ሲቀድ አራት ሆነን በሯ ላይ ቆምን፦ እማማ ፋንቱ፣ ጀብሪል፣ የሻረግና እኔ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሻሿን ጠቅልላ፣ ልጇን ታቅፋ ነበር። ፍራሹ ተጠቅልሎ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ለለቅሶ እንደሚነጠፈው።

«ግቡ» አለች። «ስንት ጠዋት ጠበቅኳችሁ።»

ገባን። አልተቀመጥንም። እሷ ጀብሪልን አየችው።

«አንተ ነህ ያየኸው? ሙባረክን የት ቀበራችሁት?»

የሰማሁትን ጆሮዬ ወዲያው አልተቀበለውም። ከአራታችን አንዳችንም ያላሰብነው ነገር ነው። አንድ ወር ሙሉ አንዱን ሞት ስንደብቃት እሷ ሌላ ሰው ስትቀብር ኖራለች።

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ጠፉ።  ጀብሪል ነው የተናገረው።

«ሙባረክን ሞተ ያለሽ ማን ነው? አባባ ናቸው ዘሀራ። አባትሽ ናቸው። ነሐሴ 18፤ በስኳሩ። ከጎናቸው ነበርኩ።»

«አባባ?»

«አባባ።»

«ሙባረክስ?»

«ስለ ሙባረክ የሰማነው የለም። ክፉም ደግም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ለቅሶ አልነበረም፤ ሸክም የሚያወርድ ሰው ትንፋሽ ነበር። ከዚያ ራሷን ሰማችው መሰለኝ፤ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «አባቴ ሞቶ እፎይ አልኩ። ያረቢ፣ አባቴ ሞቶ እፎይ አልኩ» እያለች ማልቀስ ጀመረች። የሻረግ ልጁን ተቀበለቻት። እማማ ፋንቱ ከጎኗ ቁጭ አሉ።

«አልቅሺ። እፎይ ማለትሽንም አላህ ያውቀዋል፤ አባትሽም ያውቁታል። አልቅሺ የኔ ልጅ።»

አለቀሰች። ስለ ፍየሎቹ፣ ስለገዛላት ቀሚስ፣ ትምህርት ቤት ስለወሰዳት፣ በስም እየጠራችው። ሰፈሩ ሰምቶ መጣ፤ ወር ሙሉ የታፈነው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አለቀሰ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። እማማ ፋንቱ ድንገት የዘሀራን ደረት አዩ፤ ቀሚሷ ከሁለት ወገን ርሷል።

«ልጁን አምጡ። ቶሎ።»

ሚስባህ ያዘ። ሳበ። ትን አለው፤ ወተቱ በአፍንጫው ወጣ፤ ተቆጣ፤ መልሶ ያዘ። ሲውጥ ድምፁ እስከ በሩ ይሰማ ነበር። ዘሀራ እያለቀሰች ታጠባለች፤ እያጠባች ታለቅሳለች።

እኔ ለጨዋነት ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ብዙ ቆየሁ እዚያ። የሻረግ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። የዕንባ እጢም የራሱ ትእዛዝ አለው፤ መጽሐፉ ስለ እሱ የሚለው የለም።

ሐሙስ፣ መስከረም 27

ሦስተኛ ቀን። ሰው ይመጣል፤ ንፍሮ ይቀምሳል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ይሄዳል። የእኛ ቄስም መጥተው አብረው ተቀመጡ። ጀብሪል የአብዱልሐሊምን መጨረሻ ለአሥረኛ ጊዜ ተረከ፤ ዘሀራ በየመሃሉ ታስቆመውና «ምን አለ?» ትለዋለች፤ እንደገና ይጀምራል። እኔም የሚዛኑን ወሬ ነገርኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልዱ ካለቀ በኋላ።

እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት።

«እማማ ፋንቱ መቆጣት ያቆሙ ቀን» አለች። «ከዚያ እንቁላሉ መጣ። ጎረቤት በደህና ቀን እንቁላል ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም። ማን ነው የሞተብኝ ብዬ አሰብኩ። መንገድ ላይ ያለው ሙባረክ ነው። አባባማ ቤቱ ነው ያለው፣ አልኩ።»

«አጥፍቻለሁ» አልኳት።

«አዎ» አለች፤ ሳትቸኩል። «ለክፋት አልነበረም። ግን ጋሼ፣ ከእንግዲህ የመጣውን ንገሩኝ። እናንተ ዝም ስትሉ የቀረውን እኔ እሞላዋለሁ፤ እኔ ስሞላው ይብሳል።»

ሠላሳ ዓመት እንስሳ መርምሬያለሁ። እንስሳ ምን ታውቂያለሽ ተብላ አትጠየቅም፤ ያ ልማድ ሆኖብኝ ይሆናል። ሰበብ አይደለም፤ ልማድ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3

4.4። ጉንጩ መጥቷል። ምሳዬን ጨርሼ በላሁ፤ ምስር ነበር።

መድፉ ዛሬም አለ፤ ከደቡብ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ። ከአፋር በኩል በእግሩ የተመለሰ አንድ የመኪና ረዳት ሰፈር ደርሷል ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። ስለ ሙባረክ ጠየቅኩት። ሚሌ ላይ ብዙ ከባድ መኪና ተደርድሮ ቆሞ አይቷል፤ የሙባረክን ታርጋ ግን አያውቀውም፤ ሰውየውንም አያውቀውም፤ መንገድ ላይ የተቃጠሉ መኪኖችም አይቷል፤ የማን እንደሆኑ አያውቅም። ያ ነው ያለው ሁሉ።

ካረፈበት ቤት እስከ ግቢያችን ስድስት ደቂቃ ነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ የተቃጠሉትን ባልጠቅስስ ብዬ አሰብኩ። ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ የቆሙትንም፣ የተቃጠሉትንም፣ ሰውየው የማያውቀውንም።

እያጠባች ነበር። እስክጨርስ አይኗን ከፊቴ ላይ አላነሣችም።  ልጁን ከግራ ጡቷ አላቃ ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ያዘ።

«እሺ» አለች። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አልኳት።

ፊቴን አየችው። ከዚያ አይኗን ወደ ልጇ መለሰች።